አሮጌ ሪፍራክተር ቴሌስኮፕ፦ መርምሮ መግዛት፣ ማደስና መጠቀም

አሮጌ ሪፍራክተር፣ ማለትም ብርሃንን በሌንስ የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ፣ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለፊት ሌንሱ ነው። ቱቦው ቢጫጫር፣ ቀለሙ ቢላጥ፣ መቆሚያው ቢሰበር፣ የዓይን ሌንሶቹ ቢጠፉ ለሁሉም መላ አለው። የፊት ሌንሱ ከተበላሸ ግን እጅዎ ላይ የሚቀረው ቱቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር ሁሉ ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ሌንሱን መርምሮ መግዛት፣ ከገዙት በኋላ ያለ በቂ ምክንያት አለመንካት፣ ከዚያም ሌንሱ በሚችለው ሥራ ላይ ማዋል።

ቱቦው ለምን ረዘመ?

ነጠላ ሌንስ ብርሃንን ሲሰብር ቀለማቱን እኩል አይሰብርም። ሰማያዊው ወደ ሌንሱ ቀረብ ብሎ፣ ቀዩ ራቅ ብሎ ያርፋል፤ ምስሉም ዙሪያውን ቀለም ይለብሳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሰማይ ተመልካቾች ይህን ለመቀነስ የነበራቸው መንገድ ቴሌስኮፑን ማስረዘም ነበር፤ የዮሐንስ ሄቬሊየስ ትልቁ ቴሌስኮፕ 150 ጫማ፣ ማለትም 46 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። መፍትሔው የተገኘው ክራውንና ፍሊንት የሚባሉ ሁለት ዓይነት መስታወቶችን በማጣመር ነው። እንግሊዛዊው ቼስተር ሙር ሆል እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ደረሰበት፤ ጆን ዶሎንድ ደግሞ በ1758 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። (ከዚህ በኋላ የማነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር አሠራሩን አሻሽሎ በ1824 በዶርፓት፣ በዛሬዋ ታርቱ፣ የተተከለውን 24 ሴንቲሜትር ሪፍራክተር ሠራ። ዛሬም በአብዛኞቹ አሮጌ ቴሌስኮፖች ውስጥ ያለው ሌንስ የእሱን ንድፍ የተከተለ ነው፦ ከፊት ክራውን፣ ከኋላ ፍሊንት፣ በመካከላቸው ስስ የአየር ክፍተት።

ሁለቱ መስታወቶች የቀለሙን ችግር በእጅጉ ቢያቃልሉትም ጨርሰው አያጠፉትም፤ በደማቅ ነገሮች ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ይቀራል። ይህ ጥላ የሚቀንሰው ደግሞ የትኩረት ርዝመቱ፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ምስሉ የሚጠራበት ነጥብ ያለው ርቀት፣ ሲጨምር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ የትኩረት ርዝመቱን ለሌንሱ ስፋት ያካፍሉ፤ 900 ሚሊሜትር ለ60 ሲካፈል 15 ይመጣል፣ ይህም ኤፍ 15 ይባላል። ቀጥሎ የሌንሱን ስፋት በኢንች ወስደው አንድ ጊዜ በ3፣ አንድ ጊዜ በ5 ያባዙት። የቴሌስኮፑ ኤፍ ቁጥር ከመጀመሪያው ካነሰ ቀለሙ ይረብሻል፤ ከሁለተኛው ከበለጠ ሐምራዊው ትዝም አይልዎትም። 60 ሚሊሜትር 2.4 ኢንች ስለሆነ ድንበሮቹ 7 እና 12 ናቸው፤ ኤፍ 15 ከሁለቱም ይበልጣልና ምስሉ ንጹሕ ነው። 100 ሚሊሜትር ላይ ድንበሮቹ 12 እና 20 ይሆናሉ፤ እዚያ ኤፍ 15 ጥሩ ነው፣ ግን ጨረቃ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቀለም ያያሉ። አጭርና ወፍራም አሮጌ ሪፍራክተር ሲቀርብልዎ ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ አይስማሙ።

የትኛውን ልፈልግ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠራ፣ ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቱቦ ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን ፋብሪካዎች እጅግ ብዙ ጥሩ ሌንስ አምርተዋል። ዩኒትሮን በሚል ስም የተሸጡት በተለይ የታወቁ ናቸው፦ 60 ሚሊሜትሩ 900፣ 75 ሚሊሜትሩ 1200፣ 100 ሚሊሜትሩ 1500 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት አላቸው። ከጀርመን በኩል የየና ከተማው ዛይስ ኩባንያ የሠራው ቴሌሜንቶር 63 ሚሊሜትር ስፋትና 840 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው፣ ለትምህርት ቤትም ለግለሰብም የተሠራ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ብዙ የጃፓን ቴሌስኮፖች በሻጩ ሱቅ ስም ስለተሸጡ ትልቁን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ ፎከሰሩ (ምስሉን ለማጥራት የሚዞረው ክፍል) ላይ ወይም አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የፋብሪካ ምልክት ይፈልጉ።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የነሐስ ቴሌስኮፕ ሌላ ጉዳይ ነው። ስመ ጥሩ አሜሪካዊ ሠሪ አልቫን ክላርክና ልጆቹ የሠሯቸው ሌንሶች ዛሬም ያስደንቃሉ፤ በ1862 የሲሪየስን ደብዛዛ ጓደኛ ኮከብ መጀመሪያ ያየው ልጁ አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ የተሠራ 18.5 ኢንች ሌንስ ሲፈትን ነበር። የእነሱን ሥራ የሆነ ነገር ካገኙ ነሐሱን በማጽጃ አይፈትጉ። የጠቆረው ገጽ የመሣሪያው ታሪክ ነው፤ ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ለእሱ ነው። በዶሎንድ ስም ደግሞ ብዙ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ስለተሸጠ ቱቦው ላይ ያለው ስም ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ሌንሱን መመርመር

ክዳኑን ያንሡና የስልክዎን መብራት ከሌንሱ ፊት በሰያፍ ይያዙ። ቀጥታ ቢያበሩበት አዲስ ሌንስ እንኳ ቆሻሻ ይመስላል፤ በሰያፍ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ችግር ለብቻው ይለያል።

አቧራ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ አያሳስብም። ጥቂት ቀጭን ጭረትም ምስሉን ይህን ያህል አይጎዳም፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱን በያዘው ቀለበት ትሸፈናለች። የሚያሰጋው ሻጋታ ነው፦ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እየተከፋፈሉ የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች። ቆይቶ ከሆነ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል፣ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። ጭጋግ የመሰለ ወጥ ሽፋን በሁለቱ መስታወቶች መካከል ካለ ግን ብዙ ጊዜ ይጸዳል። ሌንሱ በሙጫ የተጣበቀ ዓይነት ከሆነና ከጠርዝ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀስተ ደመናማ ነገር ካዩ ሙጫው እየለቀቀ ነው፤ እሱን ይተዉት።

የአየር ክፍተት ባለው ሌንስ ላይ ግን ባለቀለም ክብ ቀለበቶች ማየት ጉድለት አይደለም። ኒውተን ቀለበት ይባላሉ፤ መሐል ላይ ከሆኑ ሁለቱ መስታወቶች እኩል መቀመጣቸውን ይነግሩዎታል፣ ወደ ጎን ከሸሹ አንደኛው ዘንብሏል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ሌንሶች ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን የላቸውም። እያንዳንዱ ሽፋን የሌለው ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ስለሚመልስ አራቱ ገጾች ተደምረው 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ለጨረቃና ለፕላኔት ይህ ትንሽ ነው። ሽፋን የሌለው ጥሩ ሌንስ፣ ሽፋን ካለው መናኛ ሌንስ ሁልጊዜ ይሻላል።

በመጨረሻ የቀለበቱን ጥርስና የብሎኖቹን አናት ይመልከቱ። የተፋቀ ብረት ካለ ሌንሱን ቀድሞ የፈታው ሰው አለ ማለት ነው፤ መስታወቶቹ ተገልብጠው ገብተው ሊሆን ይችላል። ሻጩን ይጠይቁ፣ ከተቻለም ገንዘብ ሳይከፍሉ ኮከብ ላይ ይፈትኑት። አፈታተኑን ከታች አስቀምጫለሁ።

ማጽዳት

ሌንስ በአቧራ ምክንያት ከተበላሸው ይልቅ በማጽዳት ምክንያት የተበላሸው ይበዛል። በእጅ አየር መንፊያ ያራግፉ፣ ካልበቃ በጣም ለስላሳ ብሩሽ ያስነሡ፣ በቃኝ ይበሉ። የጣት አሻራ ወይም ቅባት ካለ ብቻ ወደ እርጥብ ማጽዳት ይሂዱ፦ ንጹሕ ጥጥ በተጣራ ውኃና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ድብልቅ በትንሹ ያርጥቡ፣ የጥጡ የራሱ ክብደት ብቻ እየጫነው ከመሐል ወደ ጠርዝ አንድ ጊዜ ይሳቡ፣ ጥጡን ይጣሉ፣ በአዲስ ይድገሙ። ፈሳሽ ሌንሱ ላይ አያፍስሱ፤ በጠርዙ ገብቶ በመስታወቶቹ መካከል ይቀመጣል።

ሌንሱን መፍታት የግድ ከሆነ

የግድ የሚሆነው ሻጋታ ወይም ጭጋግ በመካከል ሲገኝ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ መስታወት መስበር ሳይሆን አቀማመጡን መርሳት ነው። ሠሪው ሁለቱን መስታወቶች እያሽከረከረ የተሻለ የሚስማሙበትን አቅጣጫ መርጦ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቢዞር ወይም ቢገለበጥ ምስሉ ይበላሻል። በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ፦

1. ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ። የሌንሱን ቤት ከነሌንሱ ከቱቦው ያውጡ።
2. ቀለበቱን ፈትተው ቤቱን በጥንቃቄ ገልብጠው ሁለቱ መስታወቶች አብረው ጨርቁ ላይ እንዲያርፉ ያድርጉ። ከተጣበቁ አይገፍትሩ፤ ቤቱን በሞቃት አየር ትንሽ ያሙቁት።
3. መስታወቶቹን ሳይለያዩ በእርሳስ ጠርዛቸው ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር የቀስት ምልክት ይሥሩ። ጫፉ ወደ ሰማይ የሚያየውን ገጽ ያመልክት። ከብዙ አሮጌ ሌንስ ጠርዝ ላይ ሠሪው ራሱ ያስቀመጠው የእርሳስ ምልክት ይገኛል፤ እሱን እንዳያጠፉ።
4. አሁን ይለያዩ። በመካከላቸው ጠርዝ ላይ በ120 ዲግሪ ርቀት የተቀመጡ ሦስት ስስ የብረት ወረቀት ቁርጥራጮች ያገኛሉ። የእያንዳንዱን ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ ራሳቸውን ያስቀምጡ፤ ውፍረታቸው የክፍተቱ ልክ ነው።
5. እያንዳንዱን ገጽ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና አጥበው በተጣራ ውኃ ያለቅልቁ፣ በጥጥ ውኃውን ይምጠጡ።
6. በምልክቱ መሠረት ይግጠሙ። ቀለበቱን ሲመልሱ ሌንሱ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ያጥብቁ፤ ቤቱን ወደ ጆሮዎ አቅርበው በቀስታ ሲነቀንቁት እጅግ ትንሽ ድምፅ ቢሰማ ደግ ነው። ከዚያ በላይ የጠበቀ ሌንስ ብርድ ሲመጣ ይጨነቃል።

ፎከሰርና ቱቦ

የፎከሰሩ ጥርስ ከዘመን ብዛት በደረቀ ግሪስ ተይዞ ካልዞረ በጉልበት አያዙሩ። ማርሹን የያዘውን ክዳን ፈትተው አሮጌውን ግሪስ በነጭ ጋዝ ያጥቡ፣ በቀጭኑ አዲስ ግሪስ ይቀቡ፣ ክዳኑን የሚያጠብቁትን ብሎኖች በየተራ ሩብ ዙር እየጨመሩ መሳቢያው (ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄደው ቱቦ) ሳይላላ ለስላሳ የሚሄድበትን ነጥብ ያግኙ። የቱቦው ውስጥ ጥቁር ቀለም የተላጠበት ቦታ ካለ በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይሸፍኑ፤ የጨረቃ ምስል ጥራት በዚህ ብቻ ሲሻሻል ያያሉ።

የዓይን ሌንስ፣ እና ወዲያው መወገድ ያለበት ዕቃ

አሮጌው ሳጥን ውስጥ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ዓይን ሌንስ ላይ የሚጠለቅ ጥቁር መስታወት ካለ ዛሬውኑ ይስበሩትና ይጣሉት። የፊት ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ መስታወት አጠገብ ነው፤ በድንገት ሲሰነጠቅ ዓይን እስከ ወዲያኛው ይጠፋል። ፀሐይን ማየት ከፈለጉ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ከፊት ሌንሱ ፊት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አስተማማኝ ፊልተር ብቻ ይጠቀሙ፤ በጠቆሚው ትንሽ ቴሌስኮፕ ላይም ክዳን ያድርጉ። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ከዚያ ዘመን የቀሩ ቴሌስኮፖች አብዛኞቹ አንገቱ 24.5 ሚሊሜትር፣ ማለትም 0.965 ኢንች ስፋት ያለው የዓይን ሌንስ ይቀበላሉ፤ የዛሬው መደበኛ ልክ 31.7 ሚሊሜትር ወይም 1.25 ኢንች ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር አንጸባራቂ ክርን፣ ማለትም ብርሃኑን አጥፎ ወደ ዓይን ሌንሱ የሚመራ ዕቃ፣ ይገኛል። ከመግዛትዎ በፊት መሳቢያው ወደ ውስጥ ለመግባት የቀረው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ይለኩ፤ ክርኑ የብርሃኑን መንገድ ስለሚያስረዝም መሳቢያው በቂ ካልገባ ምስሉ አይጠራም። በመስታወት ፋንታ ፕሪዝም ያለውን ክርን ይምረጡ፤ ለረጅም ሪፍራክተር ይስማማል።

የማጉላት ልክ የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። በ900 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ 25 ሚሊሜትሩ 36 ጊዜ፣ 12.5 ሚሊሜትሩ 72 ጊዜ፣ 9 ሚሊሜትሩ 100 ጊዜ ያጎላል። ለፊት ሌንሱ ስፋት በየሚሊሜትሩ ከ2 ጊዜ በላይ አይሂዱ፤ ለ60 ሚሊሜትር 120 ጊዜ ማለት ነው። 4 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ሳጥን ውስጥ መኖሩና ካርቶኑ ላይ 400 ጊዜና ከዚያ በላይ ያጎላል ተብሎ መጻፉ ሽያጭ ነው፤ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ሁለት ጥሩ ዓይን ሌንሶች፣ አንድ 25 እና አንድ 9 ወይም 10፣ ለዓመታት ይበቃሉ።

መቆሚያ

ረጅም ቱቦ በደካማ መቆሚያ ላይ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሙከራው፦ ቱቦውን በጣት መታ ያድርጉ፤ ምስሉ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልረጋ የሚስተካከል ነገር አለ። መጀመሪያ የእግሮቹን ማጠፊያ ብሎኖች ሁሉ ያጥብቁ። እግሮቹን በሙሉ አያስረዝሙ። በእግሮቹ መካከል አሸዋ የሞላ ከረጢት ያንጠልጥሉ። አሮጌ የእንጨት እግር ካለ በብረት አይለውጡት፤ እንጨት ንዝረትን ቶሎ ያከስማል።

ኢኳቶሪያል መቆሚያ፣ ማለትም አንድ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ የሚሆን መቆሚያ፣ ካለዎት ዋናው ዘንግ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን እንደሚኖሩበት ቦታ ላቲትዩድ አስተካክለው ዘንጉን በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን ኮከብ፣ በደቡብ ወደ ደቡብ የሰማይ ዋልታ ያቅኑ። በዓይን ለማየት ጥቂት ዲግሪ ስሕተት አይጎዳም። ቱቦውን በቀለበቶቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ፣ ሚዛን ጠባቂውን በዘንጉ ላይ እያንቀሳቀሱ ማጠንከሪያዎቹን ሲለቁ ቱቦው በቆመበት እስኪቆም ያመጣጥኑ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ የኮከብ ፈተና

ቴሌስኮፑን ወደ ውጭ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ከአየሩ ጋር እንዲላመድ ይተዉት። ጠቆሚውን ቀን ላይ በሩቅ ምሰሶ ያስተካክሉ።

ከዚያ ከአድማስ ከፍ ያለ፣ በመጠኑ ደማቅ የሆነ ኮከብ ይምረጡ። ሰሜን ኮከብ በሚታይበት አገር ካሉ ቦታውን ስለማይለቅ ምቹ ነው። ወደ 100 ጊዜ አጉልተው መሐል ላይ ያድርጉት፣ አጥርተው ይዩት። ጥሩ ሌንስ ኮከቡን ነጥብ ሳይሆን በጣም ትንሽ ክብ አድርጎ ያሳያል፤ ዙሪያውን አንድ ስስ ቀለበት ይከበዋል። አሁን ፎከሰሩን በዝግታ ወደ ውስጥ ያዙሩ። ኮከቡ እየሰፋ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ቀለበቶች ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ቀለበት ሲቆጥሩ ቆም ብለው ያስተውሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው ወገን ያውጡትና ያወዳድሩ።

ሁለቱም ወገን ክብና ተመሳሳይ ከሆነ የያዙት ሌንስ ድንቅ ነው፣ ሌላ ምንም አይንኩ። ቀለበቶቹ ሦስት ማዕዘን ከያዙ ሌንሱ ቤቱ ውስጥ ተጨንቋል፤ ሌንሱን የያዘውን ቀለበት በጥቂቱ ያላሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተጠጉ ሌንሱ ወይም ፎከሰሩ ዘንብሏል፤ ከሌንሱ በፊት የፎከሰሩን ብሎኖች ይፈትሹ። በአንዱ ወገን ቀለበቶቹ ጥርት ብለው በሌላው ወገን ከደበዘዙ፣ መስታወት የተገለበጠ ወይም የክፍተት ወረቀቶቹ የጠፉ ሊሆን ስለሚችል የአፈታት ታሪኩን ያጣሩ። ምስሉ በሙሉ እየዋለለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ነውና ሌላ ሌሊት ይድገሙት።

ምን ልይ?

ይህ መሣሪያ ደብዛዛ ጋላክሲ ለማደን አይደለም። ጨረቃ ላይ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ይከተሉ፤ ከመጀመሪያው ሩብ በኋላ ባለው ሌሊት ገደማ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው «ቀጥ ያለ ግድግዳ» ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የጁፒተር ሁለት ዋና ቀበቶዎችና አራት ጨረቃዎች በ60 ሚሊሜትር በደንብ ይታያሉ፤ የአንዷ ጨረቃ ጥላ በፕላኔቱ ላይ ሲያልፍም ይያዛል። የሳተርን ቀለበት በ2025 በጎኑ ሆኖ ስለነበር ቀጥሎ ባሉት ዓመታት እየተከፈተ ይሄዳል።

ረጅም ሪፍራክተር ከሁሉም የሚያበራው ግን በጥንድ ኮከቦች ላይ ነው፤ ይህን ሳይሞክር የሸጠው ሰው የነበረውን አላወቀም። የመለየት አቅሙን 116ን በሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር አካፍለው ያገኙታል፤ መልሱ በቅስት ሰከንድ ነው፤ ይህም የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ለ60 ሚሊሜትር 1.9፣ ለ80 ሚሊሜትር 1.45 ይሆናል። በአልቢሬዎ ይጀምሩ፦ 35 ሰከንድ ያህል የተራራቁ ወርቃማና ሰማያዊ ኮከቦች፣ በ36 ጊዜ ማጉላት እንኳ ይለያያሉ። ቀጥለው ካስተርን፣ 5.5 ሰከንድ ገደማ፣ በ100 ጊዜ ይሞክሩ። ከዚያ በላይራ ኅብረ ኮከብ ያለውን ኤፕሲሎን ይዩ፤ በዝቅተኛ ማጉላት ሁለት የሚመስሉት ኮከቦች እያንዳንዳቸው ከ2.5 ሰከንድ በታች የተጠጋጉ ጥንድ ናቸው። አየሩ በረጋ ሌሊት 60 ሚሊሜትር አራቱንም ያወጣል፤ ለዚህ ትንሽ ሌንስ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። የሪገልን ደብዛዛ ጓደኛ ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ርቀቱ ከ9 ሰከንድ ቢበልጥም ዋናው ኮከብ በብርሃኑ ይውጠዋል።

ጤዛና ማስቀመጫ

የጤዛ መከላከያው ርዝመት ከሌንሱ ስፋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ አጭር ከሆነ በጥቁር ካርቶን ያስረዝሙት። ጤዛ ከያዘው በጨርቅ አይጥረጉ። ወደ ቤት ሲያስገቡ ክዳን ሳያደርጉ ቱቦውን ወደ ታች አዘንብለው እስኪደርቅ ይተዉት፤ እርጥብ ሌንስ ከተከደነ ሻጋታ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሲደርቅ ይክደኑ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ይጨምሩ፣ ሲሊካው ቀለሙን ሲለውጥ በምድጃ አድርቀው ይመልሱት። ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አያስቀምጡ፤ ሰው የሚኖርበት ክፍል ለቴሌስኮፕም ይስማማዋል።